የአራት ሐሙስ ዜሮ ኪሎ ሜትር

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጥሎ «አርባ ሰው» አለ። ኪሎሜትር ቀና ብላ አላየችውም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነበር፤ እሷም ከሰኞ ጀምሮ የምትጣላው ሰው ስትፈልግ ነው የሰነበተችው። ይኸው በእግሩ መጣላት።

«አርባ በሽተኛ» ብሎ ቀጠለ፣ ወረቀቱን በጣቱ እየወጋ። «ያንቺ ፕሮግራም በመካከላቸው ያለው ርቀት ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው ይለኛል። እነዚህ ሰዎች ተደራርበው ነው የሚኖሩት?»

ኪሎሜትር እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ድርጅቱ መድኃኒት በየበሽተኛው ቤት የሚያደርስ ነው፤ እሷ ደግሞ የሁለት ቦታዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀብሎ ርቀታቸውን የሚያሰላውን፣ የትኛው ሞተረኛ የትኛው ቤት እንደሚሄድም የሚወስነውን ፕሮግራም የጻፈች ናት። ፕሮግራሙ በተሳሳተ ቁጥር ሞተረኞቹ የሚሰድቡት እሷን ስለሆነ ለስድብ የሚመች አጭር ስም አወጡላት። በሦስት ዓመት ውስጥ ስሙንም ስድቡንም ለመደችው።

ይህን ነገር ለሥራ አስኪያጁ ስታስረዳው በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። እንዲሰማውም ብላ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ ያለፉት ሳምንታት መዝገብ ነው። ያለፈውን መዝገብ እሑድ እሑድ የምቆርጠው እኔው ነኝ። የአንድ ቦታ ቁጥር ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ካለው የማን በር እንደሆነ ይታወቃል። ሁለት አሃዝ ብቻ ሲቀርለት ግን አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ እንደ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ለምን ይቆረጣል? ማን ማን ቤት እንደገባ ወሬኛ ሁሉ ከፍቶ እንዳያይ ነዋ። የሰው ገመና ነው። ስለዚህ ዜሮ ኪሎ ሜትር አለ ማለት አንድ ቤት ናቸው ማለት አይ...»

አልጨረሰችውም። ሥራ አስኪያጁ «ማለት አይደለም?» ብሎ ሊያግዛት ሞከረ። እሷ ግን አፏ እንደተከፈተ ቀርታ ነበር። ሌላውን ሰው እንደ ሕፃን እያስተማረች የተናገረችው ነገር ዞሮ የራሷ ጆሮ ውስጥ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተረኞቹ መካከል ባልደረቦቹ ቁጥቡ የሚሉት አንድ አለ። ሌሎቹ ቢሮዋ በር ላይ ተሰልፈው ሲጮሁባት፣ እሱ ቅሬታውን መድኃኒት ባስረከበበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ያስገባል። «ፕሮግራምሽ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው አለኝ። ወንዝ መሀል ላይ እንዳለ አልነገርሽውም መሰለኝ። አሥራ ስምንት ነዳሁ።» በሳምንቱ ደግሞ፦ «ድልድዩን ስላስገባሽልን አመሰግናለሁ። አሁን ገደሉ ቀረ።» እሷ ተናዳ እዚያው ወረቀት ላይ መለሰችለት፤ እሱም መለሰ። ሁለት ደህና የሚባሉ ሰዎች ስምንት ወር ሙሉ በማስረከቢያ ወረቀት ጀርባ ሲነታረኩ ከረሙ። ከዚያ አንድ ቀን «ዛሬ ቅሬታ የለኝም፤ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት» የሚል ወረቀት መጣ። ኪሎሜትር ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም ሥራ አልሠራችም።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። እናቷ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደረች፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ሰፈሩ «ዳይሬክተሯ» ማለቱን ያልተወላት ሴት ናት። ልጇ የወደደችው ሰው አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ማቆሙን ስትሰማ «ልጄን ሁለት ዲግሪ ያስያዝኳት ሞተር ኋላ እንድትፈናጠጥ አይደለም» አለች። ላየውም አልፈልግም አለች። እሷ አለች ማለት ደግሞ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥቡ ኪሎሜትርን ሲሸኛት ከበራቸው ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ያወርዳታል፤ እሷም እንደ ሌባ ዙሪያዋን እያየች ትገባለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስታስበው ያናድዳታል።

ከዚያ ሐሙስ የሚባል ቀን መጣ። ቁጥቡ ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስልክ አያነሳም። ማታ ሲደውልላት ሳትጠይቀው «ሥራ ላይ ነበርኩ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ውሸት አይችልበትም። ኪሎሜትር ግን የት ነበርክ ብላ አልጠየቀችውም፤ ኩራቷ አፏን ይይዘዋል። ይባስ ብሎ አንዱ ወሬኛ ሞተረኛ ሐሙስ ሐሙስ ቁጥቡን የአንዲት ፋርማሲስት ሰፈር እንደሚያየው እየሳቀ ነገራት። ፋርማሲስቷ የቁጥቡ እህት ጓደኛ ናት፤ እህትየው ድሮ ሁለቱን ለማጋባት ደፋ ቀና ስትል ነበር። ቤቷም ከነኪሎሜትር ቤት ሁለት መንገድ ብቻ አለፍ ብሎ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኪሎሜትር የቢሮዋን በር ዘግታ የድሮውን መዝገብ ከፈተች። ሞተሩ ያለፉትን አራት ሐሙሶች ሁለት ሁለት ሰዓት አንድ ቦታ ቆሟል። የፋርማሲስቷን ቤት ካርታው ላይ ጠቆመችና አስላልኝ አለችው። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር አላት። አራቱንም ሐሙስ ዜሮ። ርቀቱን የሚያሰላው ገጽ መዝገቡን ብቻ ሳይሆን የምትጠቁመውንም ቦታ ቆርጦ እንደሚያሰላ ታውቃለች፤ ራሷ ነች የጻፈችው። ግን ቅናት የያዘው ሰው የሚያውቀውን የሚያስታውስበት ፋታ የለውም። ስልኳን አንስታ «ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምትውል ደርሼበታለሁ። ከእንግዲህ አጠገቤ እንዳትደርስ» ብላ ላከችለት።

መልሱ አንድ ቃል ነበር። «እሺ።»

ሦስት ቀን ያንገበገባት ያ «እሺ» ነው። ሰው እንዴት አይክድም? እንዴት አይቆጣም? ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ወደ ሩቁ ቅርንጫፍ፣ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬደው፣ ለሁለት ዓመት ለመዛወር መፈረሙን ሰማች። ቅዳሜ ይሄዳል። ዕቃውን መዝገብ ቤት የሚያስረክበው፣ ፊርማውንም መሰረዝ የሚችለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ሥራ አስኪያጁን እዚያው እንደገተረችው ገጹን ከፈተችና የሰኞውን ሒሳብ እንደገና ጀመረች። ከፋርማሲስቷ ቤት ዜሮ። ከዳቦ ቤቱ ዜሮ። ከፖስታ ቤቱ ዜሮ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ዜሮ። በመጨረሻ በንዴት የራሷን ቤት በር ጠቆመች፤ እሱም ዜሮ። በዚህ ሒሳብ እኛም ቤት ነበር ማለት ነው ብላ ሳቀች። ሌሎች እንዳይሰልሉበት የዘጋችውን በር ራሷ ሰብራ ገብታ፣ ያገኘችውን ጭጋግ ማስረጃ ብላ ይዛ ወጥታ ነበር። ዕድሜ ልኳን ሌሎችን በቁጥር ስታሳፍር የኖረች ሴት እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

ደወለችለት። አላነሳም። ደግማ ደወለች።

ወደ ፋርማሲው የወሰዳትን እግሯን ስትረግመው ነው የሄደችው። መድኃኒት የሚጠብቁ አምስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ተራ ይዛ ስድስተኛ ሆነች። ፋርማሲስቷ ጋር ስትደርስ ምንም ማስመሰል አልቻለችም፤ ሰዎቹ ሁሉ እየሰሙ ስለ ቁጥቡ ጠየቀቻት። ፋርማሲስቷ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። አስተያየቷ ቁጣም ነበረበት፣ አዘኔታም።

«እኔ ካገባሁ ሰባት ወር ሆነኝ» አለቻት። «እሱን በዓይኔ ካየሁት ዓመት አልፎኛል። ሞተሩን ግን ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤት ያየዋል፤ እናንተ በር ላይ አይደል እንዴ የሚያቆመው? እኔማ እናትሽ ወደዱት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከኋላዋ የቆሙት ሴትዮ ጨርሳ እንደሆነ ጠየቋት። ኪሎሜትር ጨርሻለሁ አለቻቸው። እንኳን ልትጨርስ ገና መጀመሯ ነበር።

የቤቱን በር ስትከፍት እናቷ መስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐዩ የሚያርፍበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯን አበጥራ፣ ደህናውን ሹራብ ለብሳ፣ ጋዜጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ኪሎሜትር ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች።

«ልጄ፣ ዛሬስ ዘገየህብኝ» አለች እናቷ። «ቅድም አንድ የማላውቀው ሰው ጠብታውን በበር ሽንቁር ሰጥቶኝ ሄደ። ሰባት ቤት ይቀረኛል አለኝ። ምነው፣ አሞህ ነው?»

ኪሎሜትር አንድ እርምጃ ተጠጋች። እጇን አንስታ አየር ላይ ወዘወዘችው። የእናቷ ዓይን እጇን አልተከተለም።

«እማዬ» አለች።

እናቷ ደነገጠች፤ የደነገጠችው ግን ለአፍታ ነው። ወዲያው የዳይሬክተር ፊቷን ለበሰችና በሥራ ሰዓት ቤት ምን እንደምትሠራ፣ ደመወዝ የሚከፈላት በነፃ ነው ወይ ብላ አፈጠጠችባት። ያፈጠጠችው ከልጇ ትከሻ አለፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁጣ ተባብለው ጨረሱት፤ እነዚህ ሁለት ሴቶች የሚዋደዱት በቁጣ ነው። የዓይን ግፊት ነው አለች እናቷ፤ ቀኙ ሄዷል፣ ግራው እየጠበበ ነው፣ ሐኪሙ ከነገራት አምስት ወር ሆናት። ጠብታውን ድርጅቱ ሐሙስ ሐሙስ ይልክላታል። ኪሎሜትር አምስት ወር ሙሉ የተናገረችው ክፉ ቃል ሁሉ እየተሰለፈ መጣባት። ውኃውን ለምን ታፈሺዋለሽ። ጎረቤት ሰላም ሲልሽ ለምን ዝም ትያለሽ። መብራቱን በቀን ለምን ታበሪዋለሽ። እንዴት አትነግሪኝም ብላ ጮኸች።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ እንደነበር አውቃለሁ። ሥራሽን ትተሽ እዚህ ወንበር ሥር ትቀመጪ ነበር» አለች እናቷ። «እኔ ደግሞ እሱን አይቼ ከማለቅስ ምንም ባላይ ይሻለኛል።»

ኪሎሜትር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች። እናቷ ጸጉሯን እየዳበሰች፣ መድኃኒቱን ስለሚያመጣው ልጅ ትነግራት ጀመር። መጀመሪያ ቀን የጠብታውን አወሳሰድ ሲያነብላት ድምፁ ደስ አላት። ጋዜጣ አንብብልኝ አለችው፤ አነበበላት። ሐሙስ የመጨረሻ ቤቱ እሷ እንድትሆን አድርጎ ሁለት ሁለት ሰዓት እየተቀመጠ ያነብላት ነበር። ለማንም፣ በተለይ ለልጇ እንዳይናገር ቃል አስገባችው። እሱም የበሽተኛን ቤት ነገር አለመናገር የሥራው ደንብ እንደሆነ፣ ፈርሞበትም እንደገባ ነገራት። ደንቡን ያረቀቀችው ኪሎሜትር ናት፤ ሁሉንም ሞተረኛ አንድ በአንድ ጠርታ ያስፈረመችው እሷው ናት።

«በኋላ ደብዳቤ አስጻፍኩት» አለች እናቷ። «ላንቺ። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ልነግርሽ የምፈልገውን እኔ እየነገርኩት እሱ ጻፈው። በአራት ሐሙስ አራት ገጽ ደርሰናል። ካወቅሽው ምን ቀረኝ፤ መሳቢያው ውስጥ አለ።»

ኪሎሜትር ወረቀቱን አውጥታ ወደ እናቷ ጉልበት ተመለሰች። ገና ሳትገልጠው አወቀችው። ወደ ግራ የሚያዘነብል፣ እስክሪብቶውን ከመጫኑ የተነሳ ከወረቀቱ ጀርባ በጣት የሚዳሰስ ጽሑፍ። በማስረከቢያ ወረቀት ጀርባ ሲነተርካት የኖረው እጅ ነው። «ልጄ ሆይ» ይላል በዚያ እጅ። ስለ አባቷ ይላል፣ ስለ ቤቱ ይላል፣ ሕፃን ሳለች ስለ ታመመችበት ሌሊት ይላል። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ ማንበቧን አቆመች።

«ስለዚያ ሞተረኛም ሰምቻለሁ። ክፉ ሰው ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ግን ነገ ዓይኔ ጠፍቶ እኔን የምትመሪኝ አንቺ ነሽ። አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው አንቺን ወዴት ይመራሻል? ለእኔ ስትይ ተይው።»

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ይሄን ሲጽፍ ምን አለሽ?»

እናቷ አሰበች። «ምንም። ብቻ ይድገሙልኝ አለኝ። አንድም ቀን ይድገሙልኝ ብሎኝ የማያውቅ ልጅ ነው። ያልገባው መስሎኝ ቀስ ብዬ ደገምኩለት።»

«እሱ ነው» አለች ኪሎሜትር። «ሞተረኛው እሱ ነው፣ እማዬ።»

የእናቷ እጅ ጸጉሯ ላይ ደረቀ።

«እና ጻፈው?»

«ጻፈው።»

«ሳያጓድል?»

«አንድም ቃል አላጓደለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» ብላ ተቆጣች ዳይሬክተሯ። «ላንቺ እንዳይናገር አልኩት እንጂ ለእኔ እንዳይናገር መቼ አልኩት? የምን ደረቅ ነው?» ኪሎሜትርም የሰኞዋን መልእክትና የማክሰኞውን ፊርማ ስትነግራት፣ እናቷ ሁለታችሁም ደረቆች ናችሁ ብላ በቁጣ ከጉልበቷ ላይ ገፋቻት።

«ተነሺ። ሂጂ።»

«ሄጄ ምን ልበለው?»

«እኔ ምን አውቄ? የእኔን ብዬ አስጽፌዋለሁ። ያንቺን አንቺ በይ።»

ኪሎሜትር ታክሲ ውስጥ ሆና የምትለውን ስትፈልግ አሥሩንም ጣቷን ጨርሳ ቆጠረች። አንድ የሚረባ ቃል አላገኘችም።

መዝገብ ቤት ስትደርስ ለአሥራ አንድ ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር። መዝገብ ቤቱን የምትይዘው ሠራተኛ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ፣ ሰዓቱን ከግድግዳው ላይ በዓይኗ እየገፋችው ነው። ቁጥቡ ፊት ለፊቷ ቆሞ የሞተሩን ቁልፍ፣ የራስ ቁሩን፣ መንገድ የሚመዘግበውን መሣሪያ አንድ በአንድ ያስረክባል። ኪሎሜትርን ሲያያት ዓይኑ አንዴ በራ፤ ወዲያው አቀረቀረ።

«ይቅርታ» አለ፣ እሷ ሳትጀምር። «ሳላስፈቅድሽ ቤታችሁ መግባት አልነበረብኝም። ብታፍሪብኝ አልፈርድብሽም።»

«ማን አፈረብህ?»

«ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምትውል ደርሼበታለሁ ብለሽ የለ እንዴ? እናትሽ ቤት መቀመጤን ሰምተሽ ነዋ። ከእሳቸው ጋር ሆነሽ ነዋ አጠገቤ አትድረስ ያልሽኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ያንገበገባት «እሺ» ምን እንደነበረ አሁን ገባት። ከዚያ እንደ ምንም ብላ ስለ ፋርማሲስቷ፣ ስለ አራቱ ዜሮ፣ ስለ ሁለት አሃዙ ነገረችው። እየተናገረች ፊቷ ሲግል ይታወቃታል። ሠራተኛዋ እንኳ ሰዓቱን ማየት ትታ ትሰማ ጀመር።

ቁጥቡ ቀና አለ። ሦስት ዓመት ስታውቀው ድምፁ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም፤ አሁን ግን ወጣ።

«ስልክ ቁጥሬ እጅሽ ላይ ነበር። እኔ ራሴ በየቀኑ ፊትሽ ቆሜ ነበር። ከመጠየቅ ማስላት ቀለለሽ?»

«አዎ» አለች ኪሎሜትር። «ሒሳብ ቢሳሳት አርመዋለሁ። አንተን ጠይቄህ አዎ፣ እሷ ጋር ነበርኩ ብትለኝ ግን ምን አደርገዋለሁ? ፈርቼ ነው።» ከዚያ እሷም ነደዳት፤ ሳትናደድ ማልቀስ አትችልም። «አንተስ? የገዛ ራስህን ስንብት በገዛ እጅህ ስትጽፍ፣ እኔ ነኝ ለማለት ምላስ አጣህ?»

«ምን ልበላቸው? ሞተረኛው እኔ ስለሆንኩ ይቀይሩት ልበል? ዓይን ሁነኝ ብለው ያመኑኝ ሰው ናቸው። ያሉትን ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ያንቺ መልእክት መጣ። እናትና ልጅ በአንድ ሳምንት አባረራችሁኝ። ከዚያ በኋላ እዚህ ከተማ ምን ላደርግ ልቀመጥ?»

ኪሎሜትር እንደ ልማዷ ልትሟገት አልቃጣትም። ያለው ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑም አንጀቷን በላው።

«እናንተ ሰዎች» አለች ሠራተኛዋ። «አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ትሰርዘዋለህ፣ አትሰርዘውም? የምሄድበት አለኝ።»

ኪሎሜትር አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

«ትሄዳለህ?»

«ፈርሜያለሁ።»

«መፈረምህን አውቃለሁ። እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። እኔ እንዳትሄድ እፈልጋለሁ። አንተ የምትፈልገውን ግን አላውቅም፤ የማውቅበት ሌላ መንገድም የለኝም። ለዚህ ነው የምጠይቅህ። ትሄዳለህ?»

ከዚያ ጠበቀች። መጠበቅ ለእሷ ከባድ ሥራ ነው። እጇ ውስጥ ምንም ወረቀት የለም፤ የምታመሳክርበት ምንም ቁጥር የለም። ሰውየው አሁን አዎ ቢል ያ ነው፤ ሁለት ዓመት።

ቁጥቡ አያት። ማስረከቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ የሚጽፈውን የሚመርጥ ይመስል ቃል እየመረጠ ነበር።

«የሚመጣው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ብጠፋብሽስ?»

«እናደዳለሁ። ከዚያ የት ነበርክ ብዬ እጠይቅሃለሁ።»

«ባልመልስልሽስ?»

«የባሰ እናደዳለሁ። ደግሜ እጠይቅሃለሁ።»

ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። ፊቱን ወደ ሠራተኛዋ አዞረና «ሰርዢልኝ» አላት።

ሠራተኛዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ወንበሯን ስባ፣ መላ ሰውነቷ እየተነጫነጨ ፋይሉን እንደገና ከፈተች። ስሙን ፈለገች። ቀኑን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«የተሰረዘበት ምክንያት የሚል ቦታ አለው» አለች። «ባዶ ከሆነ ይመልሱብኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ተጠይቄ ነው በይ» አለ ቁጥቡ።

«ይሄ ምክንያት ነው?»

«ለእኔ ነው።»

ሠራተኛዋ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። ሰዓቱን አየች። ከዚያ «ተጠይቆ» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን መታችበት።

ኪሎሜትር የማኅተሙን ድምፅ ስትሰማ ከሰኞ ጀምሮ ይዛው የዞረችው ንዴት ከላይዋ ወረደ። እንደ ልማዷ የምትናደድበት ሌላ ነገር ፈለገች፤ በሥራ አስኪያጁ፣ በእናቷ፣ በዚህ ቃል በሚቆጥብ ሰው። አጣች። ባጣች ጊዜ እዚያው መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ሰው እያያት፣ አለቀሰች።